አሥራ አንድ ማንኪያ

ኮማንዳንት፣ የፈረቃ ጓደኞቼ፣ ከዮፍ ድረስ የመጣችሁ የታታ ቾሮ ልጆችና ጎረቤቶች፤ ከመጀመሬ በፊት አንድ ልመና አለኝ፦ ያንን በር አትዝጉብኝ። ሙዚቃውንም ዝቅ አድርጉልኝ። አዲሷ ተረኛችን ንጎኔ ሬዲዮው ላይ ብቻዋን ናት፤ ስትጣራ መስማት አለብኝ። ታታ ቾሮ፣ እርስዎ ግን እንደዚያው ጀርባዎን ለበሩ እንደሰጡ ይቀመጡ። ወንበሩን ሆን ብዬ ነው ያዞርኩት። ሠላሳ አራት ዓመት በሩን ሲያዩ ኖረዋል፤ ዛሬ እኔን ይዩኝ።

ለማታውቁኝ ዴምባ ሳኮ እባላለሁ። በዚህ የባሕር ፍለጋና ነፍስ አድን ማስተባበሪያ ሁላችንም ታታ፣ አክስቴ፣ የምንላቸው የቾሮ ንዶዬ ምክትል ነኝ። ምክትልነቴ የሚቆየው እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አሥራ ሁለት ሲሞላ እሳቸው ጡረተኛ ይሆናሉ፤ "ፍለጋው ይቀጥል" ወይም "ይቁም" የሚለው ፊርማ ወደ እኔ ይዞራል። አሁን ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው።

እሳቸው እዚህ የመጡ ዕለት እኔ የወንዝ ዳሯ ባከል ውስጥ የወተት ጥርሴን ያልነቀልኩ ልጅ ነበርኩ። ታሪኩን ያወረሰን ነፍሱን ይማረውና በረኛችን ቶንቶን ላቲር ነው። ያን ዕለት ጠዋት አንዲት ቀጭን ልጅ በጨርቅ የታሰረ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ተሸክማ በሩ ላይ ቆመች።

"ዓሣ አንገዛም!" አላት ቶንቶን ላቲር።

"እኔም ዓሣ አልሸጥም። ዓሣ አጥማጅ ልፈልግ ነው የመጣሁት።"

"ባል ፍለጋ ከሆነ ወደቡ በዚያ በኩል ነው፤ እዚህ ያለነው ሁላችንም ባለትዳር ነን!"

"ሰውዬ፣ ባል አለኝ! የጎደለኝ ደመወዝ ነው። አዲሷ ስልከኛ ነኝ፤ በሩን ክፈትልኝ።"

ቶንቶን ላቲር እስኪሞት ድረስ "እኔ ያንን በር ባልከፍት ኖሮ ስንት ሰው ዓሣ ይበላው ነበር" እያለ ይመጻደቅ ነበር። ሲያረጅማ ጨርሶ እሱ እንደቀጠራቸው ነበር የሚያወራው።

የዚያች ሳህን ነገር ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ውስጧ ችየቡጀን ነበር፣ ሩዝ በዓሣ። ለሁሉም አደሉና አንድ ድርሻ በትንሽ ሳህን አስቀርተው ከደኑት። "የማን ነው?" ቢሏቸው "የዘገየው" አሉ። "ማን ዘገየ?" "እስካሁን ማንም። ግን ባሕር ነው።" ከዚያን ዕለት ጀምሮ በዚህ ቤት አንድ ጀልባ ሳትመለስ ከቀረች ሳህን ይከደናል፤ ክዳኑ ላይ በሰዎቹ ቁጥር ማንኪያ ይደረደራል። ሰዎቹ ሲገኙ ያንን የቀዘቀዘ ሩዝ ከእነሱ ጋር ተሻምተን እንበላለን። ዓለም ላይ እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር በልቼ አላውቅም።

እንግዶች ኬኩ አጠገብ ያለውን ሳህን አይታችሁ "ማን ቀርቶ ነው?" ስትሉ ሰምቻለሁ። ማንኪያዎቹን ቁጠሯቸው። አሥራ አንድ ሰው ነው የቀረው። "ያይ ማሬም" የምትባል ጀልባ ባለፈው እሁድ ጎሕ ሲቀድ ከካያር ወደብ ወጣች፤ ሰኞ ማታ ልትመለስ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ስድስት ቀን መሆኑ ነው። አውሮፕላኑ አሁን ወደ ደቡብ ምዕራብ እያሰሰ ነው፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ይመለሳል። ኮማንዳንት ዛሬ ጠዋት ጠርተው "ዴምባ፣ ማታ ወስን" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አውሮፕላኑ አንድ፣ ነዳጁም በልክ፤ ባሕሩ ግን ልክ የለውም።

እሺ እሺ፣ ፊታችሁን አታጥቁሩ፤ ታታ ቾሮ ራሳቸው "ሽኝቴን ለቅሶ ቤት ካደረግህብኝ ተነሥቼ እሄዳለሁ" ብለውኛል። ሳቅ ታዝዟል።

ይህ ቤት የሚቀጣበት አንድ ቃል እንዳለ ታውቃላችሁ። "ጠፉ" ያለ ሰው የዕለቱን ሻይ ያፈላል፤ ሦስቱንም ዙር፣ አረፋው እስኪቆም። ሰው ይዘገያል እንጂ አይጠፋም፤ ሕጉ ይህ ነው። እኔ የመጀመሪያው ዓመት አፌ አልገራ ብሎኝ ሻይ ሳፈላ ነው የኖርኩት። እናቴ ባከል ሆና "ልጄ ምን ሆነህ ነው የተቀጠርከው?" ብትለኝ "እናቴ፣ እስካሁን እንደማየው ሻይ አፍይ ነኝ" አልኳት። አንድ ሚኒስትር ሊጎበኙን መጥተው "ባለፈው ዓመት ስንት ጀልባ ጠፋ?" ብለው ሲጠይቁ ታታ ቾሮ ምድጃውን ባያሳዩአቸው ኖሮ መሥሪያ ቤታችን ይህን ጊዜ አዲስ ሕንፃ ይኖረው ነበር።

የነፋሱንስ ነገር? ባሕር ሰውን አንድ ቦታ አያስቀምጥም። ነፋሱ ይገፋዋል፣ ውኃው ይጎትተዋል፤ እኛ ካርታ ዘርግተን አሁን የት ደርሶ ይሆን እያልን ሳጥን እንስላለን። ሳጥኑን ከሳትን አውሮፕላኑ ባዶ ውኃ ሲያርስ ይውላል። ታዲያ የአየር ጠባይ ክፍሉ ቁጥሩን እስኪልክ እኚህ ሴት በመስኮቱ የጎረቤታችንን የማዳም ሳኜን የተሰጣ ልብስ ያያሉ። "የባልየው ጀላቢያ ወደ መስጊዱ ዞሯል፤ ሳጥኑን ወደ ግራ አምጣው።" ቁጥሩ ሲመጣ ያው ነው! ማዳም ሳኜ ልጇ ዘንድ ልትሰነብት የሄደች ጊዜ ታታ ቾሮ እንቅልፍ አጡ። በመጨረሻ ተረኛውን ልከው የራሳቸውን ሻሽ ገመዱ ላይ አሰጡት። ማዳም ሳኜ ስትመለስ ባሏን ጠርጥራ ሦስት ቀን አላናገረችውም።

አምና ደግሞ ልጃቸው ኪኔ ስትዳር፣ ኢማሙ ዱዓ ላይ እያሉ የአንድ እንግዳ ስልክ ጮኸ። ታታ ቾሮ በዚያ ሁሉ ጥልፍና ወርቅ ብድግ አሉ፤ ስልኩን ከሰውዬው እጅ መንጭቀው፦

"አሎ! ስንት ናችሁ? ውኃ ገብቷል? ጃኬት ለብሳችኋል?"

ማዶ የነበረችው የድግሱ ወጥ ቤት ናት። "እ… ስድስት ነን፣ እመቤቴ። ጃኬት የለንም። ሩዙ ደርሷል ልል ነበር።"

ኪኔ፣ እስካሁን አልሳቅሽም፤ ይቅር በያቸው።

እኔንም አትማሩኝም፤ ዕዳዬን ልክፈል። "ዴምባ ሆዳሙ" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በሸሚዝ ኪሴ ማንኪያ ይዤ ስለምዞር። አንዳንዱ "ለየትኛው ድግስ ነው?" ይለኛል፤ ንጎኔ ደግሞ "ሚስትህ ቤት ማንኪያ የለም እንዴ?" ብላኛለች። ይኸው፣ ዛሬም አለች። የዚችን ማንኪያ ነገር…

ይቀመጡ! ታታ ቾሮ፣ ይቀመጡ፤ የእንግዳ ስልክ ነው። አያችሁ? ወንበሩን ባዞርም ጆሯቸውን ማዞር አልቻልኩም። እባካችሁ ስልካችሁን ዝም አስብሉልን።

የማንኪያዋ ነገር። ስምንት ዓመት ሆነው። እዚህ ከገባሁ ሁለት ወር አልደፈንኩም። ታታ ቾሮ ለሶላት ወጡ፤ እኔ ሬዲዮው ላይ ነበርኩ። አንድ ሰው ተጣራ። "አምስት ሰው የያዘች ጀልባ ሞተሯ ቆሞ አይተናል፤ ወደ ጋናር ናት" አለ። አመሰገንኩትና ዘጋሁት።

እንግዲህ የዚህ አገር ባሕርተኛ "ወደ ጋናር" ሲል ወደ ሰሜን ማለቱ ነው። እኔ ግን የባከል ልጅ ነኝ። ባከል ላይ ጋናር ማለት ከወንዙ ማዶ ያለችው ሞሪታንያ ናት፤ ፍየላችን ስታመልጥ "ጋናር ገባች" ነው የምንለው። "ሞሪታንያ" ብዬ ጻፍኩ። ለሞሪታንያ ነፍስ አድኖች ደወልኩ፣ አውሮፕላኑን ወደ ድንበሩ ላክሁት፣ ከዚያም ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ታታ ቾሮ ተመለሱ፤ መዝገቡን አነበቡ።

"ዴምባ፣ ሰውዬው የት ቆሞ ነው ጋናር ያለው?"

"አልጠየቅሁትም።"

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ሬዲዮውን ያዙና እያንዳንዷን ጀልባ መጥራት ጀመሩ። ሰውዬው ከእኛ በስተደቡብ ካለው ከጆአል ፊት ለፊት ሆኖ ነበር የተናገረው። ከእሱ ወደ ሰሜን ማለት እዚሁ፣ ደጃችን ላይ ማለት ነው። አራት ሰዓት አቃጥዬአለሁ። ሰዎቹን አገኘናቸው። አራቱ በእግራቸው ወረዱ። አምስተኛው ምባኚክ ይባላል፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ስንደርስ ትንፋሹ ከወጣ ብዙ አልቆየም። "ቀድመን ብንደርስ ይተርፍ ነበር?" ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። "አላውቅም" አለኝ። ይህንን "አላውቅም" ስምንት ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ።

አይ ታታ፣ አይቆጡኝ። "ተው አንተ ልጅ" ማለትዎ ነው፤ አልተውም። ይህን ሰው ሁሉ የሰበሰብኩት ለኬኩ አይደለም። ሪፖርቱ ላይ እሳቸው የጻፉት እንዲህ ይላል፦ "የፈረቃው ኃላፊ እኔ ነኝ። ሳላጣራ ወጥቻለሁ።" የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በእሳቸው ፋይል ገባ። በሚቀጥለው ዓመት የሚገባቸው ዕድገት ቀረባቸው፤ ለምን እንደቀረ ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም። ኪኔ፣ ዛሬ ነው የምትሰሚው፣ አውቃለሁ። ኮማንዳንት፣ እርስዎ ያኔ እዚህ አልነበሩም። ሰኞ ጠዋት ያንን ደብዳቤ ወደ እኔ ፋይል ያዙሩልኝ። በምስክር ፊት ነው የምለምንዎ።

ያን ቀን አራቱ ሰዎች ሩዛቸውን ሲበሉ ክዳኑ ላይ አንድ ማንኪያ ቀረች። እኔ ደረጃው ሥር ተደብቄ አለቅስ ነበር። መጡና አጠገቤ ተቀመጡ፤ ማንኪያዋን ኪሴ ውስጥ ከተቷት። ሥራውን ልልቀቅ አልኳቸው።

"ልቀቅ" አሉኝ። "በአንተ ቦታ ሌላ ይመጣል። እሱም ይሳሳትና ሌላ ምባኚክ ይኖራል። አንተ ግን ይህን ስሕተት ጨርሰኸዋል፤ ሁለተኛ አትሠራውም። ከአሁን በኋላ ከመጻፍህ በፊት ይቺን ንካና ጠይቅ፤ ሰውዬው የት ቆሟል?"

ይኸው ነው ሆዳምነቴ። ሬዲዮው በተጣራ ቁጥር ኪሴን የምነካው ርቦኝ አይደለም።

ታታ ቾሮ፣ አመሰግናለሁ ማለት ፈልጌ ሦስት ቀን ወረቀት ሳበላሽ ሰነበትኩ። ስለ ደብዳቤው አመሰግናለሁ። ሚስቴ ስታምጥ ፈረቃዬን ስለያዙልኝ፣ የመጀመሪያ ልጄን ስም ቾሮ ስል "ምነው፣ ሌላ ስም አልቀረም?" ብለው ተደብቀው ስላለቀሱ አመሰግናለሁ። የአባትዎን ታሪክ ስለነገሩኝም አመሰግናለሁ። አባትዎ ከባሕር ሲዘገዩ እናትዎ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የእሳቸውን ድርሻ እየከደኑ፣ ጎረቤት ሁሉ "አንሺው እንግዲህ፣ እርምሽን አውጪ" ሲላቸው እምቢ ብለው፣ በዘጠነኛው ቀን አባትዎ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ቀምሰው፣ "ጨው በዝቶበታል" ያሉበትን። ይህን ታሪክ በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ ለራሴ እንደነገርኩት አይጠይቁኝ።

እውነቱን ልናገር? ፈርቻለሁ። እርስዎ ሲወስኑ እኔ እንደታዘለ ሕፃን ጀርባዎ ላይ ተለጥፌ ነበር የምተኛው። ከዛሬ በኋላ ዞር ስል ግድግዳ ነው ያለው። ትናንት እንኳ "ታታ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይዘጉት ነበር?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቴ ነኝ" አሉኝ። ክፋታቸው!

እንግዲህ እዚሁ ልናገር፣ አፌ ከተናገረ እጄ አይከዳኝም። አልዘጋውም። ኮማንዳንት፣ ይስሙኝ። ካያሮች ከስንቃቸው ቀንሰው ውኃ የሚጭኑ ሰዎች ናቸው፤ ጀልባዋም እንጨት ናት፣ ብትገለበጥም አትሰጥምም። ነገ አውሮፕላኑ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፤ ሳጥኑን በስተደቡብ ወደ ሳሉም አወርደዋለሁ። ካልሆነ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ፋይሌ እንደሆነ ከሰኞ ጀምሮ ወፍራም ነው። ታታ፣ ፊትዎን አያሳዩኝ፤ ልክ ነኝ አይደለሁም የሚለውን ካነበብኩበት…

ንጎኔ ናት! ምን አልሽ? ጮክ በይ! "ጀልባ ታየ… ወደ ጋናር… ለሞሪታንያዎቹ ልደውል?" ቆይ! ምንም ነገር እንዳትነኪ! መጣሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ መጣሁ።

ተመለስኩ። ስንት ደቂቃ ሆነ? ሰባት? ሙዚቃው ጠፍቷል፣ ጥሩ። ልንገራችሁ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ።

የተጣራው ከምቡር ከተማ የወጣ አንድ ጀልባ ነው። ድምፁ ይቆራረጣል። ኪሴን ነካሁ። "ወንድሜ፣ አንተ የት ቆመህ ነው ጋናር የምትለው?" አልኩት። "ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ባሕር ላይ ነኛ!" አለኝ። "ባሕሩ ሰፊ ነው፣ አባቴ፤ ከየት ወጥተህ ስንት ሰዓት ሄድህ?" አልኩት። ከሳሉም ወንዝ አፍ ወደ ባሕሩ ውስጥ የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ከእሱ ወደ ሰሜን፣ አንዲት ጀልባ መቅዘፊያ ላይ ነጭ ጨርቅ ሰቅላ አይቷል፤ ማዕበሉ ከብዶት መጠጋት አልቻለም። "ስንት ናቸው?" አልኩት። "መቁጠር አልቻልኩም። ግን የሚያውለበልብ እጅ አለ" አለኝ። አውሮፕላኑን አዙሬዋለሁ። ከቦታው ሃያ አምስት ደቂቃ ይርቃል፤ አሁን ወደ አሥራ ስምንት ደቂቃ ወርዷል። ወደ ሞሪታንያ ብንልከው ኖሮ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነበር የሚሄደው። ንጎኔ፣ አታልቅሺ፤ አንቺኮ አልላክሽም። ጠየቅሽ እኮ። እኔ ያኔ አልጠየቅኩም።

አንድ ነገር ግን ንገሩኝ። እኔ ስሮጥ ታታ ቾሮ ተነሡ? ኪኔ? አልተነሡም? ከወንበራቸው ፈቀቅ አላሉም?

ሠላሳ አራት ዓመት ባልታወቀ ስልክ ሁሉ ሲነሡ የኖሩ ሴት፣ ሬዲዮው "ጋናር" ብሎ ተጣርቶ፣ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ታታ፣ አሁን ምን ልበልዎ? እኔን ይህ በቃኝ።

ብርጭቆ አንሡ። ቢሳፕ፣ ይህ ቀይ መጠጥ፣ ያልደረሰው አለ? ግማሹን ብቻ ነው የምንጠጣው፤ ግማሹ ቁጥሩ እስኪሞላ ይቀመጥ። ታታ ቾሮ ንዶዬ፣ አላህ ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ቤትዎ የሚጮኸው ስልክ የልጅ ልጆች ብቻ ይሁን። በመስኮት የሚያዩት ልብስ እንዲያው የደረቀ ልብስ ይሁንልዎ። ሲተኙ የሚቆጥሩት ሰው አይኑርዎት። ዛሬ ማታ እደውልልዎታለሁ፤ "ስንት ናችሁ?" ብለው አይቅደሙኝ፣ ቁጥሩን እኔ ነኝ የምነግርዎ። ጥሩም ቢሆን፣ ክፉም ቢሆን።

ማንኪያዬን እዚህ፣ ከአሥራ አንዱ አጠገብ አስቀምጫታለሁ፤ ትጠብቃቸው። ዛሬ ኪሴ ውስጥ ሁለተኛ ማንኪያ እንዳይገባ ዱዓ አድርጉልኝ። ሳህኑን ማንም እንዳይነካ፤ ክዳኑን የሚያነሡት እነሱ ናቸው። ጨው በዝቶበታል ይበሉን።

ለጤናዎ፣ ታታ ቾሮ። ግማሹን ብቻ።